ቀን ሲጥል የሚደርስ ሰው

መርዶ፣ ድግስና ወለምታ፦ የከተማ ወዳጅነት የሚፈተንባቸው ቀናት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ዘጠኝ ሰዎች ተሰባስበው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከወንዶቹ አንዱ ስልኩን ደጋግሞ ያያል፤ ከሦስተኛ ፎቅ «አሁን ውጡ» የሚል መልእክት እየጠበቀ ነው። እዚያ ፎቅ ላይ የተኛችው ጓደኛቸው፣ አባቷ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደሴ ማረፋቸውን አልሰማችም። ባለቤቷ ሰምቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ከአጠገቧ አድሯል።

እዚህ ሰዓት ላይ ለመድረስ ብዙ ሰው ብዙ ደክሟል። የደሴ ዘመዶቿ የደወሉት ለባሏ ነው። እሱም ስልኳን «ቻርጅ ልሰካልሽ» ብሎ ወስዶ አጠፋው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ አለቃቸው ዘንድ ደውላ ፈቃድ ጨረሰችላት። ሌላው ሲደውል አምሽቶ ደሴ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ አገኘ። የጎን ጎረቤቷ የተኙትን ልጆች አቅፋ ወደ ራሷ ቤት ለማሻገር ብርድ ልብስ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አብሮ አደግ ጓደኛዋ ደግሞ ደም ግፊት እንዳለባት ስለምታውቅ፣ ነርስ የሆነች ዘመዷን አስከትላ መጥታለች። ማታ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተጠየቀው «ራት በልታለች ወይ?» የሚል ነበር።

በሩ ተከፈተ። ቀድመው የገቡት ከድሮ ሰፈሯ የመጡ አዛውንት ናቸው። ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ ሳሎኑን የሞላውን ሰው ስታይ ነጋሪ አላስፈለጋትም። «ማን ነው? እማዬ ናት አባዬ?» ብቻ አለች። አዛውንቱ ስሟን ጠርተው ሲነግሯት ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይዘዋት ነበር።

መርዶን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዳንዶቻችን ተረድተናል፣ አንዳንዶቻችን አርድተናል። የማይታየን ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ነው። ያቺ ሴት ደም ግፊት እንዳለባት፣ ልጆቿ ከማን ጋር ቢሆኑ እንደማያለቅሱ፣ አለቃዋ ማን እንደሆነ፣ የማንን ቃል እንደምታከብር የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ዝግጅት አይሳካም ነበር። ይህ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታወቅም። ለዓመታት ቡና በመጠጣት፣ በመጠያየቅ፣ የታመመን በማየት፣ የወለደችን በመጎብኘት የሚገኝ እውቀት ነው።

> በክፉ ቀን የሚደርስልን፣ በደህናው ቀን የሚያውቀን ሰው ነው።

## ንጋት ለምን ተመረጠ?

መርዶ በውድቅት አይነገርም፤ ቀትር ላይም አይመረጥም። ሌሊት ቢነገር ሐዘንተኛው እስኪነጋ ብቻውን ያለቅሳል፤ ጎረቤት አይሰማም፣ መኪና አይገኝም። ቀን ቢነገር ሰው በየሥራው ተበትኗል፤ ሐዘንተኛውም ራሱ መንገድ ላይ ወይም ሥራ ላይ ይሆናል። ንጋት ላይ ግን በልቶ፣ ጥቂትም ቢሆን ተኝቶ፣ በገዛ ቤቱ ነው የሚገኘው። ከፊቱም ሙሉ ቀን አለ። አልቃሹም፣ አጽናኙም፣ ቡና የምታፈላውም፣ ወንበር የሚሸከመውም ለመምጣት ጊዜ ያገኛሉ።

አርጂዎቹም ታስቦባቸው ነው የሚመረጡት። ሐዘንተኛው የሚያፍራቸውና የሚያከብራቸው አንድ ትልቅ ሰው አይጠፉም፤ ለክርስቲያኑ የንስሐ አባት፣ ለሙስሊሙ የሰፈሩ ሼህ ወይም ታላቅ ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ። ራሱን ሲጥል የሚይዝ ጉልበት ያለው ሰው ይኖራል። ቤቱን የሚያውቅ ሰውም ይኖራል፤ የመስታወት ጠረጴዛው ከሳሎኑ መሀል የሚነሣው በእሱ ጥቆማ ነው።

ብዙ ሰው ያረዱ አንድ የእድር ዳኛ ምክንያቱን በአጭሩ ያስቀምጡታል፦ «ሐዘኑን ልናስቀርለት አንችልም። ብቻውን እንዳይሰማው ማድረግ ግን እንችላለን።»

ይህን ሥርዓት ከምንም በላይ ያናጋው የእጅ ስልክ ነው። ድሮ ሞት የሚሰማው በእግረኛ መልእክተኛ፣ ከዚያም በቤት ስልክ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ገና ሲመካከሩ ውጭ አገር ያለ የአክስት ልጅ የሟቹን ፎቶ ከበራ ሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ያሳዘነው ነገር ነውና በክፋት አላደረገውም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው።

የወንድሟን ሞት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ያየች አንዲት ወጣት የሆነውን ስትናገር እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ከሳሪስ ወደ ስታዲየም እየሄደች ነበር። መጮኋን እንጂ ምን እንዳለች አታስታውስም። ሹፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ። ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ጨርሶ የማታውቃቸው አንዲት እናት አብረዋት ወረዱ፤ ቤቷ ድረስ እጇን ይዘው ሄዱ፤ እስኪመሽም ከለቅሶ ቤቱ አልተነሡም። «ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም» ትላለች።

እኚያ እናት ማንም ሳያዛቸው የአርጂነቱን ቦታ ተክተዋል። ሁሉም ግን እንዲህ ያለ ሰው ከጎኑ አያገኝም። ስለዚህ የሟችን ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት እናቱ፣ ልጁ፣ እህቱ መስማታቸውን መጠየቅ ግዴታችን ሊሆን ይገባል። አንድ ቀን ብንታገሥ ሟችን አንጎዳውም፤ የቀሩትን ግን እናድናቸዋለን።

## ባሕር ማዶ የሚሻገር መርዶ

ዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እዚያ መርዶ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ ነው፤ በሥራ ቀን አንዱ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፣ ሌላው ታክሲ እየነዳ ነው፣ ሦስተኛው ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው። እናቱ ረቡዕ ጎንደር የተቀበሩበት ሰው ሐሙስንና ዓርብን ምንም ሳያውቅ ሥራ ውሎ ይገባል። በእነዚያ ቀናት ጓደኞቹ ይደዋወላሉ፤ ማን እንጀራ እንደሚያመጣ፣ ማን ወንበር እንደሚበደር፣ አገር ቤት መሄድ ከፈለገ ለአውሮፕላን ትኬቱ ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይነጋገራሉ። ሰውየው ቅዳሜ ጧት በሩን ሲከፍት መኪና ማቆሚያው ሞልቷል።

በዐረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት ያሉ እኅቶቻችን ግን ይህን ዕድል አያገኙም። ከአሠሪዋ ቤት እንደ ልቧ የማትወጣ፣ ጓደኞቿን በእረፍት ቀን ብቻ የምታገኝ፣ እረፍት የሚባል ነገር ጭራሹን የሌላትም አለች። እናቷ ስትሞት ቤተሰብ የሚጨነቀው ማን ይንገራት ብቻ ሳይሆን የት ሆና ትስማ ብሎ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ኮንትራቷ አልቆ እስክትመለስ ይደብቃታል። በየሳምንቱ ስትደውል «እማዬ ገበያ ሄዳለች»፣ «ተኝታለች» ይባላል። ከቦሌ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ የሚጠብቃት ድንኳን ነው። ልክ ነው ወይስ አይደለም? ያለፈችበት አንዲት ሴት «ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ብሰማው እሞት ነበር» ትላለች። በተመሳሳይ መንገድ የአባቷን ሞት ያወቀች ሌላዋ ደግሞ የደበቋትን ወንድሞቿን ይቅር ለማለት ዓመታት ፈጅቶባታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መንገዱን የሚወስነው አጠገቧ አንድ ወዳጅ መኖር አለመኖሩ ነው።

## የእድር እቃ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሰፈር፣ ከቀበሌ ቤቶች ጀርባ አንድ የቆርቆሮ እቃ ቤት አለ። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በእቃ ያዡ፣ ሌላው በጸሐፊው እጅ ነው። ውስጡ የድንኳን ብረቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሸራው ታጥፎ ከአግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጧል። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል፤ ሆዳቸው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰሃኑና ብርጭቆው በደርዘን ተቆጥሮ በካርቶን ነው ያለው። ማንቆርቆሪያ፣ ጭልፋ፣ የንፍሮ ሰፌድ፣ ትርፍ አምፖልና የተጠቀለለ የመብራት ገመድ አለ። በር ላይ በምስማር የተንጠለጠለው ደብተር ማን ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደሰበረና ምን እንደተካ ይናገራል።

የእድር አሠራር ለአንባቢ አዲስ አይደለም። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ይመረጣሉ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ማለዳ ሰፈሩን እየዞረ ይለፍፋል። ወጣቶች ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራ ያዋጣሉ። ገንዘቡ እንደ ዝምድናው ይለያያል፤ ለባል ወይም ለሚስት የሚከፈለው ለአማት ከሚከፈለው ይበልጣል። በአንድ ሰፈር ውስጥ የሰፈር እድር፣ የሴቶች እድር፣ የመሥሪያ ቤት እድርና የአንድ አገር ተወላጆች እድር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሦስቱም በአራቱም የተመዘገበ ሰው ብዙ ነው።

አመጣጡ ግን ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ ለዘመናችን ይቀርባል። አንትሮፖሎጂስቱን አሉላ ፓንክረስትን ጨምሮ እድርን ያጠኑ ምሁራን መነሻውን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተማ ኑሮ ጋር ያያይዙታል። ከገጠር፣ በተለይም ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ዘመድ በሌለበት ከተማ ብንሞት ማን ይቀብረናል የሚል ሥጋት ነበረባቸው። ከጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ ወዲህ ደግሞ እድር በየሰፈሩና በየከተማው ተስፋፋ። ስለዚህ እድርን የመሠረቱት ከዘመዳቸው የራቁ እንግዶች ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከእሱ በፊት በዚሁ ችግር ያለፉ ሰዎች መፍትሔውን ሠርተው አስረክበውታል ማለት ነው።

በብዙ እድሮች ደንብ ውስጥ አንድ ብርቱ አንቀጽ አለ፤ ቀብር ያልተገኘ ይቀጣል። መዋጮውን በሰዓቱ የከፈለ ሰው እንኳ ካልተገኘ ከቅጣት አያመልጥም። አንድ አንጋፋ ጸሐፊ ይህን ሲያስረዱ «ገንዘብ ከባንክም ይገኛል። ሬሳ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ከየት ይበደሩታል?» ይላሉ።

> «ሬሳ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ከየት ይበደሩታል?»

እድር ራሱን የሚያርም ተቋምም ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ ሲገባ ቀብር በቀብር ላይ ተደራረበ፤ የብዙ እድሮች ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ አንዳንዶቹ ደንባቸውን ቀይረው ለታመመ መታከሚያ፣ ወላጁን ላጣ ልጅ ደብተርና ልብስ መስጠት ጀመሩ። ሲሞት የምንቀብረውን ሰው በሕይወት ሳለ ለምን አንረዳውም የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ መከራ ነው። ጥያቄው ዛሬም በየጉባኤው ይነሣል።

## ያው ድንኳን፣ ያው ድስት

ያንኑ የእቃ ቤት ደብተር ገልጦ ላየ ሰው ጥር ላይ የሚመዘገበው አብዛኛው ውሰት ለሠርግ ነው። ለቅሶ የዋለው ድንኳን በሳምንቱ ሙሽራ ይቀበላል። ለሰልስት ንፍሮ የተቀቀለበት ድስት ዶሮ ወጥ ይሠራበታል። ሽንኩርቱን የሚከትፉት፣ ጠላውን የሚጠምቁት፣ የእንጀራውን ቁልል የሚቆጣጠሩት ለቅሶ ላይ የነበሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው።

ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር በሚኖሩበት ሰፈር ድግስ ሲደገስ ሁለት ማብሰያ ይዘጋጃል። ለሙስሊሞቹ የሚሆነው ሥጋ በእነሱው ሰው ታርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ፣ በተለየ ገበታ ይቀርባል። ይህን ማንም እንደ ልዩነት አይቆጥረውም፤ ጎረቤት ሳይበላ እንዳይወጣ ተብሎ ነው። ሐዘን ላይም እንዲሁ ነው። ሙስሊሙ ሟቹን በተቻለ ፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ስለሚቀብር ክርስቲያኑ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ከቀብር በኋላ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአርባኛው ቀን፣ ቀጥሎም በሙት ዓመቱ መታሰቢያ ስለሚያደርግ ሙስሊሙ ጎረቤት ቀኑን ያስታውሳል።

ደስታው ደግሞ ትልቁ ሠርግ ብቻ አይደለም። የወለደች ጓደኛ ዘንድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ይገባል፤ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት ገንፎ መሀል ይቀርባል፤ ጠያቂዎቹ ዙሪያውን ከበው እየበሉ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ይከራከራሉ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና አባት ወይም እናት ሆኖ ጓደኛ ወደ ዘመድነት ይሻገራል። የሚመረቅ አለ፤ ዲቪ የደረሰው አለ፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣ አለ፤ ሥራ ያገኘ ልጅ በመጀመሪያ ደመወዙ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ጓደኞቹን ምሳ የሚጋብዝበት ቀን አለ።

አንድ ሚዜ ሆኖ ያገለገለ ወጣት ከሠርጉ ዕለት ትዝ የሚለው ጭፈራው አይደለም። ሙሽራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፍርሃት ይዞት እንደነቃና አራቱ ሚዜዎች እስኪነጋ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያጫውቱት እንዳደሩ ነው የሚያወራው። «ያን ሌሊት ያየሁትን ሰው ነው ኋላ ልጁ ሲታመምበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያገኘሁት» ይላል። «ምን እንደምለው አውቅ ነበር።»

## ትንንሾቹ ቀናት

ወዳጅነት የሚገነባው በአብዛኛው ከእነዚህም ባነሱ ቀናት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ስልኩን የተመነተፈ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ እግሯን ወለም ያላት ጎረቤት፣ ፈተና የወደቀ የጓደኛ ልጅ፣ ጋዙ አልቆ ሽሮው ሳይበስል የቀረባት፣ ቧንቧው ፈንድቶ ምንጣፉ የራሰበት። እነዚህን የሚመዘግብ የእድር ደብተር የለም፤ ቅጣትም የለባቸውም። የመጣ ሰው የመጣው ስለፈለገ ብቻ ነው።

ወለም ያላት ሴት ቤት የሆነው እንዲህ ነው። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች። አንዷ ጎረቤት «እኔን!» እያለች ገብታ እግሯን ትራስ ላይ አደረገችላት። ሁለተኛዋ ወጌሻ ይጠራ አለች፤ ሦስተኛዋ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ ብላ ተቃወመች። እየተከራከሩ አንደኛዋ ሽንኩርት ላጠች፣ ሌላዋ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች። አመሻሹ ላይ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል የያዙ ሰዎች መግባት ጀመሩ። በማግሥቱ ሐኪም ቤት የወሰዳት አራተኛ ፎቅ የሚኖረውና እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር ተነጋግራው የማታውቀው ሰው ነው። እግሯ በሁለት ሳምንት ዳነ። ሰውየውን ግን ዛሬ «ወንድሜ» ትለዋለች፤ ለልጁ ክርስትናም የተጠራችው እሷ ናት።

ዕቁብም ውስጥ ይኸው ነገር አለ። ደንቡ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል ነው። ሆኖም የአንዱ ዕቁብተኛ ሚስት በድንገት ኦፕሬሽን ሲያስፈልጋት፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ይለቅለታል። በአንድ የመርካቶ ነጋዴዎች ዕቁብ ይህን ያደረገ ሰው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ አልተናገረም፦ «ብድር በምድር ነው። ነገ የኔ ቀን ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ለወለምታ ሙዝ ይዞ የመጣ ሰው ቤቱን አይቷል። ልጆቹን ለይቷል። የትኛው ዘመድ ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ሰምቷል። መርዶ የሚመጣ ዕለት የሚያስፈልገው እውቀት ሳይታወቅ እየተጠራቀመ ያለው በእነዚህ ቀናት ነው።

## ሬሳ የሌለበት ለቅሶ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከደቂቃዎች በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ያን ሰሞን የሚቀበር አካል አልተገኘም ማለት ይቻላል። መጋቢት 8 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በተደረገው ሥርዓት 17 ባዶ የሬሳ ሳጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው በሕዝብ ለቅሶ ተሸኙ። አደጋው የደረሰበት አካባቢ አርሶ አደሮችም ፊታቸውን አይተውት ለማያውቁት ሰው ወጥተው አለቀሱ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ሕዝብም መቃብር የሌለው ሐዘን ተሸክሟል። በ1970ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለመድረስ በእግራቸው የተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይነገራል። የቀደሙት ከደረሱ በኋላ የኋለኞቹን ዕጣ ለማወቅ ዓመታት የጠበቁ ቤተሰቦች አሉ። ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ ለእነዚያ ሙታን መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ቄሶቻቸውና ቤተሰቦች እዚያ ይሰበሰባሉ።

ሁለቱም ለቅሶዎች አንድ ነገር ያስረዳሉ። ለቅሶ ቤት የምንሄደው ለቀሪው ነው። አፈር የምናለብሰው አካል ባይኖርም፣ የተሰበሰበው ሰው ለሐዘንተኛው «የሆነው እውነት ነው፤ ግን ብቻህን አልሆነብህም» ይለዋል። ይህን አጥተን ያየንበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ብዙ ሰው ወላጁን በጥቂት ሰው ቀበረ፤ ብዙ ለቅሶ በስልክ ተደረሰ። ክልከላው ከላላ በኋላ ከወራት በፊት ለሞተ ሰው ለቅሶ ለመድረስ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። የዘገየ ለቅሶ ቢሆንም ቢቀር ይሻላል ያለ አልነበረም።

## ሰፈር ሲፈርስ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ሕዝቧን ከመሀል ወደ ዳር፣ ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ስታዛውር ቆይታለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ለዘመናት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ተበታተኑ። ቤት የደረሰው ሰው ውኃና መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ አግኝቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድስቶቹንና አግዳሚዎቹን ግን የት ያስቀምጣቸው?

ብዙዎች የድሮ እድራቸውን አልለቀቁም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ፈርሶ እድሩ የቀረላቸውም አሉ። ሌሎች በአዲሱ ሕንፃ ሥር እንደገና ጀምረዋል። ጡሩምባው በቴሌግራም መልእክት ተተክቷል፤ መዋጮው በሞባይል ባንኪንግ ይገባል፤ ድንኳኑ ከኪራይ ቤት፣ ምግቡ ከካተሪንግ ይመጣል። የአንድ አዲስ እድር ጸሐፊ የሆነች ወጣት ጥቅሙን አትክድም፦ «ሰው ዱባይ ሆኖም ይከፍላል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ክርክር የለም።» ቀጥላም «ግን ባለፈው የሞቱትን ሰውዬ መልክ ከእኛ ውስጥ የሚያውቀው አራት ሰው ብቻ ነበር» ትላለች።

ሥርዓቱ ቅሬታም አለበት። ለተዝካር ተበድሮ ዓመት ሙሉ ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ አለ። በየሳምንቱ ለቅሶ ሲደርስ ሥራው የተጓተተበት ነጋዴ አለ። በወር በወሩ ማዋጣት ያልቻለ የቀን ሠራተኛ፣ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ ከእድር ውጭ ቀርቶ የሚቀብረው ያጣል። እነዚህን መስማት ያስፈልጋል። አንዳንድ እድሮች በለቅሶ ቤት የሚቀርበውን ምግብ በደንብ ገድበዋል፤ ለተከራይ በር የከፈቱም አሉ። ወጪው ሲቀንስ የሚጎዳ የለም። ሰው ሲቀንስ ግን ሁላችንም እንጎዳለን።

> ወጪው ሲቀንስ የሚጎዳ የለም። ሰው ሲቀንስ ግን ሁላችንም እንጎዳለን።

## የሚደረግ ነገር

ከተማ ውስጥ ለዓመታት አብረው ሠርተው የአንዳቸው እናት የት እንደምትኖር ሌላው የማያውቅ ጓደኛሞች በዝተዋል። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ በልደታችን መልካም ምኞት እንለዋወጣለን። አንድ ሌሊት ስልክ ቢደወል ግን ማንን እንደምናስነሣ አናውቅም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ዕቃውን ባራገፈ ሳምንት እድር አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ ከሌለ በሩን አንኳኩቶ የሚጀምር እሱ ይሁን። መዋጮውን በስልክ የሚልክ ሰው ቢያንስ ለለቅሶውና ለልደቱ በእግሩ ይሂድ። የታመመ ባልደረባ ካለ መልእክት በመላክ አይብቃው፤ ሙዝ ባይገዛም ባዶ እጁን ይሂድና አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። እያንዳንዳችን ደግሞ ለአንድ የምናምነው ጓደኛ የቤተሰባችንን ስልክ ቁጥር እንስጥ። የምንወስደውን መድኃኒት፣ ልጃችን የሚማርበትን ትምህርት ቤት፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ከማን አፍ መስማት እንደምንመርጥ እንንገረው፤ የእሱንም እንቀበል። ወሬው ለመጀመር ይከብዳል፤ ከሁለተኛው ቡና በኋላ ግን ይቀላል። የዚህ ሳምንት ቡና ላይ እናንሣው።